የሊፍት ሾፌሩ ሲጋራ ቀብር

በ2119 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ሲጋራ ያቆመ ሰው ለቅሶ ይቀመጥ ነበር። ውሸት የመሰለው ካለ ይሳቅ፤ እኔ ግን ወንበር ያመላለስኩበት ነገር ስለሆነ ማንም አያስክደኝም።

ነገሩ የጀመረው ሰው መሞት ሲያቆም ነው። ፈጽሞ አቆመ አልልም። ግን መድኃኒቱ በዛ፣ ኩላሊት እንደ ጎማ መቀየር ጀመረ፣ የመቶ ሠላሳ ዓመት ሽማግሌ ለሥራ ቅጥር ፈተና ተሰልፎ ማየት ብርቅ አልሆነም። በዚህ መሃል የተጎዳው እድር ነው። ድንኳኑን አይጥ በላው፤ ትልልቁ ድስት ዛገ፤ ጥሩንባ ነፊው ትንፋሹ እንዳይጠፋበት የልደት ድግስ እየዞረ ይነፋ ጀመር። አባላቱ በየወሩ መሰብሰባቸውን አልተዉም፤ ነገር ግን ተሰብስበው ሲተያዩ ዓይናቸው ጥሩ አልነበረም። የገረጣ ፊት ይፈልጉ ነበር። በእኛ ሕንጻ አንድ ሰውዬ ጉንፋን ይዞት ሊጠይቁት የሄዱ ሰዎች ቁመቱን በዓይናቸው ለክተው ተመልሰዋል።

በዚያን ጊዜ ነው የእድራችን ዳኛ ጋሽ ወንዳፍራሽ ሲጋራ ያቆመ ጎረቤቱን ያየው። ሰውየው ጥግ ይዞ ይተክዛል። እህል አይቀምስም፣ እንቅልፍ የለውም፣ አሁንም አሁንም እጁ ወደ ኪሱ ይሄድና ባዶ ሆኖ ይመለሳል። ጋሽ ወንዳፍራሽ በዕድሜው ብዙ ለቅሶ የደረሰ ሰው ነው፤ አንዴ አየውና ይህማ ሐዘን ነው አለ። ሟቹ ሰው ነው ወይስ ዕቃ ብሎ አልተከራከረም። ድንኳን አስተከለ፣ ንፍሮ አስቀቀለ፣ ፍራሽ አስነጠፈ፣ ሰውየውን መሃል አስቀምጦ ሕንጻውን በሙሉ ጠራበት።

ሠራ። ለምን እንደሠራ ለማንም ግልጽ ነው፤ ለቅሶ ቤት ውስጥ ብቻውን የሚቀር ሰው የለም። ሐዘንተኛው ሽንት ቤት እንኳ ሲሄድ ሁለት ሰው ደግፎት ነው። አፉ ባዶ እንዳይሆን ንፍሮ ይቅማል፤ እጁ ሥራ እንዳይፈታ ካርታ ይሰጡታል። የራሳቸውን ሲጋራ ቀድመው የቀበሩ ሰዎች ግራና ቀኝ ተቀምጠው የኔም ሲሞት እንዲህ አድርጎኝ ነበር፣ ጠዋት ጠዋት ነው የሚብሰው፣ ያልፋል ይሉታል። ከዚያ የመጨረሻዋ አንዲት ፍሬ ሲጋራ ሣጥን ውስጥ ትገባና ጣራው ላይ በአበባ መትከያ ትቀበራለች። ቀብሩ ሲያበቃ ለሰውየው የእጁ አንጓ ላይ የእድሩ ማኅተም ይመታለታል።

መንግሥትም ይህን ወደደው። ከሲጋራው መለየቱን እድር ያልመሰከረለት ሰው አውቶቡስ አይነዳም፣ አራስ አይጠይቅም፣ ሊፍት አይሾፍርም የሚል ደንብ ወጣ።

ሊፍት ስል ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ሕንጻችን መቶ አሥር ፎቅ ነው። ከጣራው የወደቀ እንቁላል መሬት ሳይደርስ ይፈለፈላል ይባላል፤ እኔ አርባኛ ፎቅ ላይ ቆሜ ጫጩት እየጮኸ ሲያልፍ ሰምቻለሁ። በእንዲህ ያለ ሕንጻ ሊፍት ማለት ታክሲ ነው። ሰልፍ አለው፣ መስመር አለው፣ ሾፌር አለው። የስድሳ መስመር ሾፌር ሽመክት ይባላል። በሩን በእግሩ ይዞ «ስድሳ፣ ስድሳ፣ አንድ ሰው የቀረው፣ ሰባ የሚሄድ በስድሳ ይግባ» ሲል አገር ይሰማዋል። ሥራውን ይወዳል። እንከኑ አንድ ነበር፤ በየፎቁ መሃል ያጨሳል። ከታች ንጹሕ ሆኖ የገባ ተሳፋሪ፣ ላይኛው ፎቅ ሲወርድ እንደ ወተት ቅል ታጥኖ ነው።

ደንቡ ሲወጣ ሽመክት ሲጋራውን ቀበረ። መጀመሪያ የቀበረ ዕለት ገና ለቀስተኛው ደረጃ ሳይወርድ ከኪሱ ሌላ አወጣ። ሁለተኛ ጊዜ ተቀበረለት፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሌሊቱን ተነሥቶ የአበባ መትከያውን በማንኪያ ሲቆፍር ተያዘ። አፈሩን እንኳ አላራገፈም፤ ከነአፈሩ አጨሰው። ጋሽ ወንዳፍራሽ ይህን ሲሰማ እድር አንድን ሟች ከሦስት ጊዜ በላይ አይቀብርም ብሎ ቆረጠ። የሕንጻው ኮሚቴም ሰኞ ጠዋት አንጓው ላይ ማኅተም ካልታየ ሊፍቱ ለሌላ ሾፌር ይሰጣል አለ። ሽመክት ከሊፍት ሌላ የሚያውቀው ሥራ አልነበረም። አግድም መሬት ለመሬት ሲሄድ ራሱን ያዞረው ነበር።

ሦስተኛው ቀብር እሑድ ሆነ።

ድንኳኑ ጣራው ላይ ተተከለ። እዚያ ላይ ነፋሱ ድንኳን አይምርም፤ ስለዚህ በየገመዱ ጫፍ ችካል ሳይሆን ወፍራም ወፍራም ሰው ተቀመጠ። ከወፍራሞቹ ሁሉ ወፍራሙ የሕንጻው ጥበቃ ኮስትሬ ነው፤ ዋናውን ገመድ እሱ ያዘ። ኮስትሬ ሲጋራውን ከቀበረ ቆይቷል፤ ሽመክት ሲዝል የሚያጽናናው፣ ሲያላግጥ የሚቆጣው እሱ ነበር። ሟች በመነጽር ቤት ውስጥ በቀይ ከፋይ ላይ ተጋድማ፣ ይቅርታ፣ ተጋድመው፣ መሃል ላይ ተቀመጡ። ሟች በአንቱታ ነው የሚጠራው።

የሽመክት ሚስት ማንአህሎሽ በሴቶቹ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። እድሩ የቀብር ሥርዓት ሲያወጣ የሲጋራ ሚስት፣ ማለትም የአጫሹ ሚስት፣ ምን ትባል የሚለው ብዙ አጨቃጭቆ ነበርና በመጨረሻ ጣውንት ትባል ተብሎ ተወሰነ። ስለዚህ ማንአህሎሽ የሟች ጣውንት ሆና ጥቁር ለብሳ ተቀምጣለች። ፊቷ ላይ ሐዘን አይታይም። ሴቶቹ ለወጉ ያህል ዓይንሽን አሸት አድርጊ ቢሏት አላሸችም።

ጋሽ ወንዳፍራሽ ከመጀመሩ በፊት ደንቡን አስታወሰ። ቀብሩ ሳያልቅ ከለቀስተኛው አንድ ሰው እንኳ ቢያጨስ ቀብሩ ፈርሷል። ደንቡ ይህን ያለው የቀድሞ አጫሾች በአንድ ድንኳን ሲሰበሰቡ ምን እንደሚመጣ ስለማይታወቅ ነው። ከዚያ መነጽሩን አድርጎ የሟችን የሕይወት ታሪክ ማንበብ ጀመረ።

ሟች ከአባታቸው ከአቶ ትምባሆ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ ስስ ወረቀት ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሳይደርስ ወደ ሥራ ዓለም ተሰማሩ። ሟች ሰው አክባሪ፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ለሌላው ሲሉ ራሳቸውን የሚያቃጥሉ ነበሩ። የማይተዋወቁ ሰዎችን እሳት በማዋዋስ ወዳጅ አድርገዋል። በዝናብ፣ በብርድ፣ በሰልፍ ላይ ከሽመክት ጎን አልተለዩም።

እዚህ ላይ የአገራችንን ነገር ማሰብ ያስፈልጋል። እኛ ሙት አንወቅስም። ፍየል ሲሰርቅ የኖረ ሰው ሲሞት ለከብት ፍቅር የነበረው ይባላል። ሚስቱን ሲደበድብ የኖረው እጁ የማያርፍ ታታሪ ተብሎ ይቀበራል። ስለዚህ ጋሽ ወንዳፍራሽ ያለ ክፋት፣ አባቶቹ እንዳደረጉት አደረገ። ማንም ልብ ያላለው ግን ሲጋራን ለማስተው ተሰብስበን በየሳምንቱ ሲጋራን ስናመሰግን መክረማችን ነው። በቀደሙት ቀብሮች ምስጋናው አጭር ስለነበር ጉዳቱ አልታየም። በዚህኛው ላይ ግን፣ የመጨረሻው ስለሆነ ይድመቅ ብሎ፣ ጋሽ ወንዳፍራሽ እትዬ ጥሩአንቺን ጠርቷል።

እትዬ ጥሩአንቺ አልቃሽ ናት። ሰው መሞት ካቆመ ወዲህ ሥራ ፈትታ፣ የተቃጠለ አምፖልና የተሰበረ ብርጭቆ ሲገጥማት ለእሱ እያለቀሰች ድምጿን የጠበቀች ሴት ናት። እስዋ ተነሥታ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ስታስር ነፋሱ እንኳ ዝም አለ።

«ቀይ ዓይንህን ገልጠህ ጠዋት የምትስቀው፣
ሻዩ ብቻውን ነው፣ ማን ሊያጫውተው።
ደመና የምትሠራ በሁለት ጣት መሃል፣
አንተን የመሰለ ከወዴት ይገኛል።»

በወንዶቹ ፍራሽ ላይ ንፍሮ መቃም ቆመ። አንዱ ሻይ የሚለውን ሲሰማ ዓይኑን ጨፈነ። ሌላው ሁለት ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ባዶ አየር ሳበና አስወጣ። እትዬ ጥሩአንቺ ደግማ አወረደችው፤ በዝናብ ቀን ታዛ ሥር ስለመጠለል፣ ከምሳ በኋላ ስላለችው፣ ከሁሉ ስለምትበልጠው ስለዚያች አንዲት ትንፋሽ። ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ የመነጽር ቤቱን ያይ ጀመር። አንገቱን ያሰገገ ነበር፤ አፍንጫው የተነፋ ነበር። እኔ በዕድሜዬ አጭሼ አላውቅም፤ ግን ያን ዕለት የሆነ ነገር አቁሜ የነበረ መሰለኝ።

ከዚያ ኮስትሬ ገመዱን ለቀቀ። ድንኳኑ በአንድ ወገን ብድግ አለ። ኮስትሬ ጎንበስ ብሎ ከካልሲው ውስጥ ብትንትን ልትል የደረሰች አንዲት ሲጋራ አወጣ። ለመታሰቢያ ያስቀመጣት ናት፣ ፎቶ ቢጤ ናት አለ። አጠገቡ ያለው ሰውዬ ወዲያው ክብሪት መፈለግ ጀመረ። ክብሪት ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ ዘረጋለት።

ሽመክት ከሐዘንተኛው ፍራሽ ተነሣ። ላብ አጥምቆታል። ይህችን ቀብር ለማግኘት ስንት ለምኖ፣ ሳምንቱን ሙሉ ጥፍሩን በልቶ፣ አሁን ሊፍቱን በኮስትሬ ከንፈር ላይ ሊያጣው ነው።

«ኮስትሬ፣ ወንድሜ፣ አትጨርሰኝ» አለው።

«ላጨሳት አይደለም» አለ ኮስትሬ እንባው እየወረደ። «ልስማት ነው።»

ክብሪቱ ተጫረ። ነፋስ አጠፋው። ሌላ ተጫረ።

በዚህ ጊዜ ማንአህሎሽ ከሴቶቹ መሃል ተነሣች። ድምጿን ከፍ አላደረገችም፤ ሊፍት ውስጥ የሚያውቁትን ሰው እንደሚያናግሩ ነው የተናገረችው።

«እትዬ ጥሩአንቺ፣ ይብቃሽ። እኔም ስለ ሟች የማውቀውን ልናገር። የሠርጌ ዕለት ፎቶ ሲነሣ ከባሌና ከእኔ መሃል የገባው እሱ ነው። ፎቶው ላይ ፊቴ የለም፤ ጭስ ያገባ ነው የሚመስለው። ልጄን ስወልድ ሽመክት አንዴ መጣሁ ብሎኝ ከእሱ ጋር ወጣ፤ ሲመለስ ልጅቷ ጥርስ አብቅላ ነበር። አልጋዬን አቃጥሏል፣ መጋረጃዬን አጠይሟል፣ ሲስመኝ ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነው። ደግ ነበረ አትበሉኝ። ደግ አልነበረም።»

ሦስተኛው ክብሪት በሰውየው ጣት ላይ ነደደና አቃጥሎት ጣለው። እንዲህ ያለ ነገር ለቅሶ ቤት ተሰምቶ አያውቅም። ሴቶቹ አፋቸውን ያዙ። ከኋላ አንዲት አሮጊት ሙት ወቃሽ አያድርገን እያሉ ሦስት ጊዜ ወደ ጎን ተፉ።

ጋሽ ወንዳፍራሽ መነጽሩን አወለቀ። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ግን ወግ ከሌለ እድር የለም ብሎ የሚያምን ነው። ወደ ሽመክት ዞሮ ነገሩን እንዲህ ብሎ አቀረበው። ሟቹ ሲሰደብበት ዝም የሚል ሐዘንተኛ የለም። ለሟችህ ተሟገት፣ ሚስትህን አስቀምጣት፣ ቀብሩ ይቀጥላል፣ ማኅተምህን ትወስዳለህ። ካልተሟገትክ ግን ሐዘን አልነበረህም ማለት ነው። ሐዘን ከሌለ ቀብር የለም፤ ቀብር ከሌለ ማኅተም የለም።

ሽመክት መጀመሪያ ጋሽ ወንዳፍራሽን አየ። ከዚያ ከወገቡ የተንጠለጠለውን የሊፍት ቁልፍ በእጁ ያዘ። ከዚያ ሚስቱን አየ። ማንአህሎሽ አልለመነችውም፤ አልተቆጣችውምም። የሚመልሰውን የምታውቅና ለዚያ የተዘጋጀች ሴት መስላ ቆማለች፤ ሳያት ያሳፈረኝ እኔን ነው።

«እውነቷን ነው» አለ ሽመክት። «እንዲያውም ቀንሳለች። መብራት የጠፋ ዕለት ሊፍቱ ሠላሳኛና ሠላሳ አንደኛ መሃል ቆሞ፣ ሰው ሁሉ አየር፣ አየር ሲል፣ እኔ እሳት፣ እሳት ስል ነበር። አንዲት ነፍሰ ጡር ተሳፋሪ ነበረች ውስጥ። ክብሪት ይዘሽ ይሆን ብዬ ቦርሳዋን ፈትሻለሁ።»

ሦስት ቀብር ሙሉ ያልመጣለት እንባ ያኔ መጣለት፤ ግን ለሟች አልነበረም።

ኮስትሬ ሲጋራዋን ከከንፈሩ አውርዶ አያት። «የኔው ደግሞ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ሽማግሌ ልኬ እሺ የተባልኩ ዕለት፣ የልጅቷን አባት ጉልበት ልስም ጎንበስ ስል፣ ጋቢያቸውን አቃጠለብኝ። ከነጋቢያቸው ነው ያባረሩኝ። እስከ ዛሬ አላገባሁም።»

በቃ፣ ግድቡ ፈረሰ። አንዱ ወተት መስሎት መተርኮሻ እንደጠጣ ተናገረ። ሌላው ከስብሰባ ወጥቶ የሚያጨስበት ሰበብ አጥቶ፣ አባቴ ሞተ እያለ የገዛ አባቱን ሁለት ጊዜ ገደለ፤ አባቱ እዚያው ድንኳን ውስጥ ስለነበሩ እንዴት ነው ነገሩ ብለው ጠየቁት። አንድ አስተማሪ ከተማሪ ተደብቆ ሊያጨስ ዛፍ ላይ ወጥቶ፣ መውረድ አቅቶት፣ ትምህርቱን ከዛፍ ላይ ማስተማሩን አወጣ። ሰው ይስቃል፣ ይናደዳል፣ ቆይ የኔን ስሙ ይላል። ክብሪቶቹ ተረሱ። ንፍሮው እንደገና መቃም ጀመረ። የኮስትሬ ሲጋራ ጭኑ ላይ ወድቃ ማንም አላያትም፤ እሱም ሲነሣ ረግጧት አለፈ። እትዬ ጥሩአንቺ እንኳ ሙያዋ አላስቻላትም፤ ነጠላዋን እንደገና አስራ ተነሣች።

«ጥርሱን ቢጫ ቀብተህ፣ ሱሪውን በስተህ፣
ድንኳን ይጣልልኝ አልክ፣ ምን አባክ ሠርተህ።»

ለቅሶ ቤት ውስጥ ተጨበጨበ። እልል ያለችም ነበረች።

ጩኸቱ ሲረጋ ሰው ሁሉ ነገሩ ትዝ አለው። ቀብር አልነበረም። እንዲህ የተሰደበን ሟች ማን በክብር ይቀብራል? ጋሽ ወንዳፍራሽ ማኅተሙን ጉልበቱ ላይ አስቀምጧል። ሽመክት የሊፍቱን ቁልፍ ከወገቡ ፈታና ለኮሚቴው ስጡልኝ ብሎ ፊቱ አኖረው። ማንአህሎሽ አጠገቡ ሄዳ ቆመች። የኮቱን ኮሌታ አስተካከለችለት።

ጋሽ ወንዳፍራሽ ቁልፉን አነሣ፤ አገላብጦ አየው። ያ ሰው ለቅሶ ብቻ አይደለም የደረሰው፤ በወጣትነቱ ስንት ባልና ሚስት ያስታረቀና ያፋታ ሽማግሌ ነው። ፊቱ ላይ የሆነ ነገር ሲመጣ አየሁት።

«ቆይ» አለ። «እኔ ይህን ወሬ አውቀዋለሁ። አልጋዬን አቃጠለ፣ ስሜን አጠፋ፣ አባቴን አስካደኝ። ለሙት እንዲህ አይባልም። እንዲህ የሚባለው ፍቺ ላይ ነው።»

ድንኳኑ በአንድ ድምፅ አዎ አለ። ሁሉም ያገባ ነበር፣ ከኮስትሬ በቀር።

ጋሽ ወንዳፍራሽ ቀጠለ። ደንቡ የሚለው ሰውየው ከሲጋራው መለየቱን እድሩ ይመስክር ነው፤ በምን እንደተለየ አልጠየቀንም። የሞተን ሰው እንናፍቃለን፣ እናመሰግናለን፣ በየዓመቱ እንዘክራለን፤ ለዚህ ነው ሽመክት ሁለት ጊዜ ወደ ሟቹ የተመለሰው። የፈታነውን ግን ዕድሜ ልካችንን ስናማው እንኖራለን፤ ማንም አይከለክለንም። ስለዚህ ፍራሹ ይነሣ፣ ወንበር ይምጣ፣ ሽማግሌ ይቀመጥ አለ። ወንበሩን ያመጣሁት እኔ ነኝ።

ፍቺው በሥርዓት ተፈጸመ። ንብረት ተከፈለ። መለኮሻው፣ መተርኮሻው፣ የኮቱ ሽታና የመጋረጃው ቀለም ለሲጋራው ተወሰነለት። ሊፍቱ፣ ሚስቱና የቀሩት ጥርሶቹ ለሽመክት። ሳንባው አከራከረ፤ ሲጋራው ብዙ ዘመን ስለኖረበት ድርሻ አለው የሚሉ ነበሩ፤ ግን መሬት ለአራሹ ነው፣ የሚተነፍሰው ይውሰደው ተብሎ ለሽመክት ሆነ። ሲጋራው ከመነጽር ቤቱ ወጥቶ በጣራው ጠርዝ ተሸኘ። ነፋሱ ወደ ላይ ወሰደው፤ ከዚያ ወዲያ ያየው የለም።

ጋሽ ወንዳፍራሽ ማኅተሙን ሊመታ የሽመክትን አንጓ ይዞ፣ እንደ ሽማግሌ ወግ፣ ከሲጋራው ጋር ልጅ አላችሁ ወይ ብሎ ጠየቀ። ሽመክት የለንም ሊል አፉን ሲከፍት ሳል ያዘው። ያ ሳል የሰው ሳል አይደለም፤ ድንኳኑን አንቀጥቅጦ፣ ገመድ የያዙትን ወፍራሞች አስነሥቶ፣ ስድሳኛ ፎቅ ድረስ ወርዶ የተመለሰ ሳል ነው።

«ይኼስ የማን ነው?» አለ ጋሽ ወንዳፍራሽ።

ሽመክት አንገቱን ደፋ። «የጋራችን ነው።»

ሽማግሌዎቹ አንገት ለአንገት ተያይዘው መከሩ። ልጁ ከአባቱ ጋር ይቆይ፣ እናቱ ሲጋራ ብትመጣም እንዳታየው ተብሎ ተወሰነ። ማኅተሙ ተመታ።

ሰኞ ጠዋት ሽመክት በሩን በእግሩ ይዞ ስድሳ፣ ስድሳ ሲል ነበር። መሃል ላይ ልጁ፣ ያ ሳል፣ ያቋርጠዋል፤ ተሳፋሪውም ያሳድግልህ እያለ ይጠብቀዋል። ኮስትሬ በየዙሩ እየገባ የጋቢውን ታሪክ ይነግረዋል፤ ሽመክትም የራሱን ይመልስለታል። ሊፍቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የፈታውን ሲያማ ስድሳኛ ይደርሳል። በየሕንጻው ያሉ እድሮች ይህን ሰምተው ድንኳኑን ሸጡ፤ ለፍቺ ወንበር ይበቃል።

ልጁን የምታሳድገው ማንአህሎሽ ናት። ጠዋት ሲነሣ ልጅህ ነቃ ትለዋለች ባሏን። ማር በዝንጅብል ትሰጠዋለች፣ ዳማከሴ ትጨምቅበታለች፣ ደረቱን በቅቤ ታሸዋለች። ጎረቤቶቿ በደረጃ ሲያልፉ ልጁ እንዴት ሆነ ብለው ይጠይቋታል፤ መጀመሪያ ሰሞን እስከ ሰባኛ ፎቅ ይሰማ የነበረው፣ አሁን ጆሮ ግድግዳ ላይ ካልለጠፉ አይሰማም።

«እየከሳ ነው» ትላቸዋለች እጇን እያደረቀች። «ምን ይደረግ፣ እንጀራ እናቱ አይደለሁ?»